ካርታው ያስለቀቃቸው ቤቶች

በሺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ ኤንግልውድ በሚባለው ሰፈር፣ ሊፈርሱ ቀን ይጠብቁ የነበሩ ስምንት ወና ቤቶች ከ2014 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ተራ በተራ ቀለም ተቀቡ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀለሙ ለእድሳት አልነበረም። ግድግዳው፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ መስኮቱ የታሸገበት ጣውላ፣ የበረንዳው ምሰሶ ሳይቀር በአንድ ቀለም ተዋጠ። አንዱ ቤት ሙሉ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ፣ ሌላው ሮዝ፣ ሌላው ቢጫ። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ የማያያቸው የነበሩ ቤቶች ከሩቅ ዓይን የሚይዙ ሆኑ።

ሥራው «ከለርድ ቲዎሪ» ይባላል። ከቤተሰቦቿና ከወዳጆቿ ጋር ሆና የሠራችው አማንዳ ዊሊያምስ እዚያው ደቡብ ሺካጎ ያደገች፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ የተማረች አርቲስት ናት። ቀለሞቹን የወሰደችው ከሰፈሩ ሰው የዕለት ኑሮ ነው። ሐምራዊው ክራውን ሮያል የተባለው ውስኪ የሚሸጥበት የጨርቅ ከረጢት ቀለም ነው። ሮዙና ውሃ ሰማያዊው ጥቁር አሜሪካውያን ትውልድ በትውልድ ከተጠቀሙባቸው የፀጉር ቅባቶች የመጡ ናቸው። ቀዩ ሃሮልድስ የተባለው የታወቀ የተጠበሰ ዶሮ መሸጫ ቀለም ነው።

እኔ ቢጫው ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ቢጫው በሺካጎ ከረንሲ ኤክስቼንጅ የሚባሉት ሱቆች ማስታወቂያ ቀለም ነው። እነዚህ ሱቆች ከሚሠሩት ዋነኛው የደመወዝ ቼክ ተቀብሎ፣ ኮሚሽን ቆርጦ፣ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ነው። የባንክ ሂሳብ የሌለው፣ ወይም በአቅራቢያው ባንክ የማያገኝ ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ አንድን ወና ቤት በዚያ ቢጫ መቀባት «ይህ ባንክ የሸሸው ሰፈር ነው» ብሎ በግድግዳ ላይ መጻፍ ነው። ቤቱ ለምን ወና ሆነ የሚለው ጥያቄ መልስም ከባንክ ይጀምራል።

ኤንግልውድ በ1960 ወደ 97 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። በ2020 ቆጠራ የቀረው ወደ 24 ሺህ ብቻ ነው። ፋብሪካዎች መዘጋታቸው፣ ወንጀል መብዛቱ፣ ነጮቹ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ መፍለሳቸው፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን አንድ ወረቀት አለ። ካርታ ነው።

በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1933፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቤት ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸውን ሰዎች ለመታደግ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የተባለ ተቋም አቋቋመ። ተቋሙ አንድ ሚሊዮን ለሚያህሉ ባለቤቶች አበደረ። ከ1935 እስከ 1940 ደግሞ ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር አስጠንቶ በአራት ቀለም ካርታ አሠራ። አረንጓዴው ምርጥ፣ ሰማያዊው አሁንም ተፈላጊ፣ ቢጫው በማሽቆልቆል ላይ ያለ፣ ቀዩ አደገኛ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ክልል ጋር የሚያያዝ ቅጽ ነበረ። ገማቾቹ በቅጹ ላይ የቤቶቹን ዕድሜ፣ የተሠሩበትን ቁሳቁስ፣ የነዋሪዎቹን ገቢ ይሞላሉ። እዚያው ላይ ጥቁሮች ከመቶ ስንት እንደሆኑ፣ የውጭ ተወላጆቹ ከየት እንደመጡ፣ ወደ ሰፈሩ «ሰርገው እየገቡ ያሉት» እነማን እንደሆኑም ይመዘግባሉ። የጥቁሮች ሰፈር ቤቱ የቱንም ያህል በጡብ የተገነባና የተጠበቀ ቢሆን ከቀይ አያመልጥም ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ካርታዎች ብቻቸውን ሰፈሮችን እንደገደሉ ተደርጎ ይነገራል። ተቋሙ ግን አብዛኛውን ብድር የሰጠው ካርታዎቹ ተሠርተው ሳያልቁ ነው፤ ካርታዎቹም በየባንኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አልነበሩም። ይበልጥ የጎዳው በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ራሱ አያበድርም፤ ባንክ ላበደረው ገንዘብ ዋስ ይሆናል። ዋስ የሚሆንበትንና የማይሆንበትን ሰፈር የሚለይበት የራሱ መመሪያና የራሱ ካርታ ነበረው። ካርታዎቹ ቢለያዩም ፍርዱ አንድ ነበር።

ፍርዱ ቤት የሚያፈርሰው በቀስታ ነው። መንግሥት ዋስ ካልሆነ ባንክ አያበድርም። ባንክ ካላበደረ ጣሪያው ሲያፈስ ማደሻ አይገኝም፤ ቤቱን ልሽጥ ቢሉም ገዢው ብድር ስለማያገኝ ዋጋው ይወርዳል። በዚህ ክፍተት ደላላ ይገባል። በ1950ዎቹ የሺካጎ ጥቁሮች ከገዟቸው ቤቶች አብዛኞቹ የተገዙት በባንክ ብድር ሳይሆን በውል ነበር። ደላላው ቤቱን በርካሽ ይገዛና በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ዋጋ በየወሩ ክፍያ ይሸጠዋል። የባለቤትነት ሰነዱ የመጨረሻዋ ክፍያ እስክትፈጸም በሻጩ እጅ ይቆያል። ገዢው የአንድ ወር ክፍያ ከዘለለ ቤቱንም የከፈለውንም ያጣል፤ ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው ይሸጣል። አባወራው ሁለት ሥራ ይሠራል፣ እናት ትሠራለች፣ ክፍል ለደባል ይከራያል፣ ለጥገና የሚተርፍ ግን የለም። የውል ገዢዎቹ በ1968 ማኅበር መሥርተው ክፍያ እስከማቆም የደረሰ ትግል አድርገዋል። በዚያው ዓመት በቤት ጉዳይ በዘር መለየትን የሚከለክለው ሕግ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ግን ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የፈሰሰው ጣሪያ ግድግዳውን አበስብሷል።

ስለዚህ «የተተወ ቤት» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ ትክክል አይመስለኝም። እንዲህ ባለው ሰፈር ቤቱን የተወው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት በካርታ ላይ ተትቷል።

ዊሊያምስ ወደዚህ ካርታ በ2022 በቀጥታ ተመለሰች። በሺካጎ ዋሽንግተን ፓርክ ሰፈር፣ ቤቶች ፈርሰው ባዶ በቀሩ ቦታዎች ላይ፣ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር 100,000 ቀይ ቱሊፕ ተከለች። ሰፈሩ በዚያ የብድር ካርታ ቀይ ከተቀቡት አንዱ ነበር። አምፖሎቹ በመኸር መሬት ገብተው በ2023 ጸደይ አበቡ፤ አበቦቹም በአንድ ወቅት እዚያ የነበሩትን ቤቶች ቅርጽ ይዘው ነበር የተተከሉት። ቀዩን ቀለም ከወረቀቱ አንስታ ወደ ወጣበት መሬት መለሰችው። የፈረሰው ቤት ስፋት ምን ያህል እንደነበር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ምን ያህል ይቀራረብ እንደነበር ተራ መንገደኛ በእግሩ መለካት ቻለ። ስለ ብድር ፖሊሲ የተጻፈ ጥሩ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ሊነግረን ይችል ይሆናል፤ በአፈር ላይ ሊያሳየን ግን አይችልም።

ካርታን ለእንዲህ ያለ ሥራ ያዋለች የመጀመሪያዋ አርቲስት እሷ አይደለችም። በ1971 ሃንስ ሃከ የተባለ ጀርመናዊ አርቲስት በኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም ትልቅ ትርኢት ሊያሳይ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ በማንሃተን የአንድ ቤተሰብና የሽርካዎቹ የሆኑ፣ ድሆች የተከራዩዋቸው 142 ሕንፃዎችና ባዶ ቦታዎች ፎቶግራፍ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አድራሻው፣ በሰነድ ላይ ባለቤት ተብሎ የሰፈረው ድርጅት፣ የተገዛበት ጊዜና ዕዳው በታይፕ ተጽፏል። ሁለት ካርታዎችም አሉት፣ አንዱ የሃርለም፣ አንዱ የሎወር ኢስት ሳይድ፤ ቦታዎቹ ምልክት ተደርጎባቸዋል። መረጃው ሁሉ ማንም ሰው ሄዶ ሊያየው ከሚችለው የመንግሥት መዝገብ የተቀዳ ነው። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትርኢቱ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ሰረዘው፤ ለሥራው የተሟገተውም የትርኢቱ አዘጋጅ ከሥራ ተባረረ። ያን ያህል ያስደነገጠው ምስል የተራ ሕንፃ ፊት ነው፣ በጥቁርና ነጭ፣ ያለ አንዳች ውበት። ከሥሩ አድራሻና የባለቤት ስም መኖሩ ነው ኃይል የሰጠው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው ከተማ፣ አርቲስቱ ጎርደን ማታ-ክላርክ ሐራጅ ቤት ይመላለስ ጀመር። እሱም እንደ ዊሊያምስ ከኮርኔል በሕንፃ ንድፍ የተመረቀ ነው። የኒውዮርክ ማዘጋጃ ቤት ግብር ባለመከፈሉ የወረሳቸውን ቦታዎች ሲሸጥ ከመካከላቸው ለምንም የማይሆኑ ቁራሾች ነበሩ። ቀያሽ ሲለካ የተሳሳተባቸው፣ መንገድ ሲሰፋ የተረፉ፣ በሁለት ግቢ አጥሮች መሐል የተረሱ ቦታዎች ናቸው። ማታ-ክላርክ ከ1973 እስከ 1974 አሥራ አምስት ያህሉን ገዛ፤ አሥራ አራቱ በኩዊንስ፣ አንዱ በስታተን አይላንድ። ለአንዱ የከፈለው ከ25 እስከ 75 ዶላር ነው። አንደኛው ስፋቱ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ርዝመቱ ግን ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ሰርጥ ነው። ሌላው በሰው ግቢ ስለተከበበ ባለቤቱ እንኳ ሊገባበት አይችልም።

በእነዚህ ቦታዎች ላይ አንዳች ነገር አልሠራም። የሠራው ከሰነድ ነው። የባለቤትነት ወረቀቱን፣ የብሎክ ቁጥሩ ያለበትን የማዘጋጃ ቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኙንና የቦታውን ፎቶግራፍ አንድ ላይ አሰባሰበ። ረጅሙን ሰርጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረጃ በደረጃ አንስቶ ፎቶዎቹን ቀጣጠላቸው። በ1978፣ በ35 ዓመቱ፣ በካንሰር ሞተ። ግብር የሚከፍልላቸው ስላጡ ቦታዎቹ ወደ ከተማው ተመለሱ፤ ሰነዶቹ ግን በሚስቱ እጅ ቀሩ። በ2005 ካቢኔት የተባለው መጽሔት አዘጋጆች ቦታዎቹን አንድ በአንድ ፈልገው፣ ሌሎች አርቲስቶችን ጋብዘው፣ በኩዊንስ ሙዚየምና በዋይት ኮለምስ ትርኢት አቅርበዋል።

የማታ-ክላርክ ስም ይበልጥ የሚነሳው በሌላ ሥራው ነው። በ1974 በኒውጀርሲ አንድ ለመፍረስ የተዘጋጀ የእንጨት ቤት በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቀው፤ የአንዱን ግማሽ መሠረት ጠርቦ ቤቱ በመሐሉ እንዲከፈት፣ ብርሃንም እንዲገባ አደረገ። ፎቶግራፎቹ ያስደንቃሉ። እኔን ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቤቱ ሲሰጠው ተገደው የወጡት ተከራዮች ዕቃ ገና ውስጡ ነበር። በፎቶግራፎቹ የምናየው ስንጥቁን እንጂ የነሱን ታሪክ አይደለም። ከዚያ ከሚያምረው ሥራ ይልቅ የኩዊንስን ቁራሽ መሬቶች የያዘው ደረቅ የወረቀት ክምር ይበልጥብኛል። ወረቀቶቹ የማንንም ሐዘን ውበት አያደርጉም፤ ከተማ እንዴት በመስመር ተቆራርሶ እንደሚሸጥ፣ ምንም የማይመስለው ባዶ ቦታ እንኳ ቁጥር፣ ዋጋና ባለዕዳ እንዳለው ያሳያሉ።

ይህን ትምህርት ወደ ተግባር የለወጡት ከዓመታት በኋላ የተነሱ የብሩክሊን ሰዎች ናቸው። በ2011 ፖላ ሲጋል የተባለች የሕግ ባለሙያ በብሩክሊን 596 ኤከር፣ ወደ 241 ሄክታር መሆኑ ነው፣ የሕዝብ መሬት ባዶውን እንደተቀመጠ ከከተማው መረጃ አይታ ካርታ አሳተመች። ፕሮጀክቱም «596 ኤከርስ» ተባለ። ካርታው በወረቀት ከመሰራጨቱ በላይ በየቦታው አጥር ላይ ጽሑፍ ይታሰር ነበር፤ ይህ መሬት የሕዝብ ነው፣ የሚያስተዳድረው እገሌ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስልኩ ይኸው። ነዋሪዎች እየደወሉ፣ እየተከራከሩ፣ በርካታ ቦታዎችን የሰፈር አትክልት ቦታ አደረጓቸው። ይህን ጥበብ ነው ወይስ የመብት ሥራ ብሎ መለየት አስፈላጊ አይመስለኝም።

የወና ቤት ነገር ሲነሳ ዲትሮይት መምጣቷ አይቀርም። በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2010 ቆጠራ 713,777 ቀሩባት። ያኔ ከየዓለሙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጎረፉላት። በ1988 የተዘጋውን የሚሺጋን ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ያላነሳ አልነበረም ማለት ይቻላል። የተላጠ ቀለም፣ ወለሉን ሰንጥቆ የበቀለ ዛፍ፣ የተጣለ ፒያኖ። ብዙዎቹ ምስሎች በእውነት የተዋቡ ናቸው። ሰው ግን የለባቸውም። ያኔ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባት የነበረችን ከተማ ሰው አልባ አድርጎ ማሳየት ለነዋሪዎቿ ስድብ ሆኖ ተሰማቸው፤ አልተሳሳቱም።

ፍርስራሽን በሌላ መንገድ ከሚያዩት መካከል ዲትሮይት ባለችበት በሚሺጋን ግዛት ያደገችው ጁሊ ምሕረቱ ትገኛለች። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቦቿ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ይህች ሠዓሊ በትልልቅ ሸራዎች ላይ የሕንፃ ንድፎችን፣ የከተማ ፕላኖችንና ካርታዎችን ትደራርባለች። በ2007 የዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ሥራዎቿን ለብቻ አሳይቷል። በበርሊን ሳለች በሠራቻቸው ሥዕሎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የቆሙ፣ ብዙዎቹ በጦርነቱ የጠፉ የጀርመን ሕንፃዎችን መስመር በሸራው ላይ እየነደፈች አንዱን በሌላው ላይ አነጠፈች። በዚያ ጊዜ ሥራዎቿ የሣለችውን እየፋቀች ታደበዝዝ ነበር። ከሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው መስኮትና ምሰሶ ያያል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፉበታል። የፈረሰ ሕንፃ በሌላው ሥር መኖሩ አይቀርም፤ የምሕረቱ መደራረብ ይህንን ነው የያዘው። ጎዳናና አድራሻ ግን አይገኝበትም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የእሷ ጥያቄ ስለ ከተሞች መጥፋት ነው። ዛሬ ሰው ሊወጣበት ስላለው ቤት ለሚጠይቅ ግን የቤት ቁጥር ያለው ካርታ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ካርታ በዲትሮይት የጀመረው ከአንድ እንግዳ የጥበብ ሥራ ነው። ጄሪ ፓፈንዶርፍ የተባለ ሰው የ2000ዎቹ አሥርት ሲያበቃ ላቭላንድ የተባለ ፕሮጀክት ጀምሮ የዲትሮይትን ባዶ ቦታ በካሬ ኢንች እየሸነሸነ አንዱን ኢንች በአንድ ዶላር ሸጠ። ገዢው መሬቱን በኢንተርኔት ካርታ ላይ ያያል። ሰነድ የሌለው፣ ግማሽ ጨዋታ የሆነ ንግድ ነበር። ነገር ግን ኢንቾቹን ለማሳየት የተሠራው ካርታ ስለ ትልልቆቹ ቦታዎች መጠየቅ አስገደደ። ይህ ባዶ ቤት የማን ነው? ዲትሮይት የምትገኝበት የአስተዳደር ክልል፣ ካውንቲው፣ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን በግብር ዕዳ ወርሶ በኢንተርኔት ጨረታ ከ500 ዶላር ጀምሮ ሲሸጥ፣ የሚሸጡት የትኞቹ እንደሆኑ ሰፈርተኛው በቀላሉ የሚያይበት መንገድ አልነበረም። ላቭላንድ ያን ዝርዝር በካርታ ላይ አወጣው።

ከተማዋ በሐምሌ 2013 መክሰሯን አወጀች። ከወራት በኋላ፣ በበረዶው መሐል፣ ላቭላንድ ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ከ150 በላይ የዲትሮይት ነዋሪዎችን ታብሌት አስያዘና ወደ 380,000 የሚጠጉ ይዞታዎችን አስቆጠረ። ሥራው ሞተር ሲቲ ማፒንግ ተባለ። ቆጣሪዎቹ በየቤቱ ፊት እያለፉ ፎቶ ያነሳሉ፤ ሰው ይኖርበታል ወይ፣ ይዞታው እንዴት ነው፣ ተቃጥሏል ወይ፣ ቆሻሻ ተጥሎበታል ወይ የሚለውን ይሞላሉ። በግንቦት 2014 የወጣው ሪፖርት ተበላሽተዋል የሚለውን መስፈርት የሚያሟሉ 40,077 ሕንፃዎች እንዳሉ ገለጸ። ቡልዶዘሮቹም ይህን ካርታ ተከትለው ሠሩ።

እዚህ ላይ ሥጋቴን ልናገር። ሰፈርን በካርታ ላይ ደረጃ ሰጥቶ «ይህ ይዳን፣ ይህ ይጥፋ» ማለት በ1930ዎቹ ገማቾቹ ያደረጉት ነው። የዲትሮይቱን ካርታ የሚለየው ሁለት ነገር ነው፤ የሠሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸውና ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ መቀመጡ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ከእግረኛ መንገድ ላይ የተነሳ ፎቶግራፍ ጣሪያው መውደቁን እንጂ ለምን እንደወደቀ አያሳይም።

ምክንያቱ የሚገኘው በግብር መዝገቡ ነው። በ1999 የወጣ የሚሺጋን ሕግ ለሦስት ዓመት ግብሩ ያልተከፈለ ቤት በካውንቲው እንዲወረስ ያደርጋል። የዲትሮይት ቤቶች ዋጋ ሲወድቅ ማዘጋጃ ቤቱ የግብር ግምታቸውን በጊዜው ስላልቀነሰ ብዙ ባለቤቶች ከሚገባው በላይ ሲጠየቁ ቆዩ። ድሃ ከሆኑ ከግብሩ ነፃ የመሆን መብት ነበራቸው፤ ማመልከቻው ግን አስቸጋሪ ነበር፤ መብቱ መኖሩን ያላወቁም ብዙ ናቸው። ላቭላንድ ለሐራጅ የተዘጋጁትን ቤቶች ከቆጠራው ውጤት ጋር ሲያገናኛቸው በብዙዎቹ ውስጥ ገና ሰው እንደሚኖር ታየ። ባዶ ቤት የመሰለው ዝርዝር የነገ ባዶ ቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዛሬው ቀን ግን በሩ ቢንኳኳ የሚከፍት ሰው አለ።

ለእኔ ይህ ዓይነቱ ካርታ ደርሶ የሚጠቅመው ያኔ ነው፣ ቤቱ ወና ከመሆኑ በፊት። በ2016 በዲትሮይት ነዋሪዎች ስም በከተማዋና በካውንቲው ላይ ክስ ተመሠረተ። በ2018 በተደረሰው ስምምነት ከግብር ነፃ የመሆኛው ማመልከቻ እንዲቀል፣ መብቱ ያላቸው ነዋሪዎችም የተወረሰባቸውን ቤት በ1,000 ዶላር መልሰው እንዲገዙ ተወሰነ። መልሰው የተገዙት ቤቶች ለቀለምም፣ ለቱሊፕም፣ ለመጋዝም አልደረሱም። ሰዎቻቸው መኖር ቀጠሉባቸው።